የሲሊኮን ዘይት በዓይን ውስጥ፦ የአንድ ፈሳሽ ታሪክና መዘዙ

የማኅበራችን የዓመት መጽሔት አዘጋጆች ከሙያችን ጋር ግንኙነት ካላቸው ቁሶች የአንዱን ታሪክ እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ፣ ስለ ሲሚንቶ ወይም ስለ ብረት ይጽፋል ብለው ሳይጠብቁ አልቀሩም። እኔ የመረጥሁት ግን መጠኑ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ የማይሞላ ፈሳሽ ነው። ይኸውም የዓይን ሐኪሞች የተላቀቀ ሬቲናን ወደ ቦታው ለመመለስ በሰው ዓይን ውስጥ የሚጨምሩት የሲሊኮን ዘይት ነው። ዘይቱ ከስድሳ ዓመት በላይ ታሪክ አለው። በእነዚህ ዓመታት ብዙ ዓይን አድኗል፤ ያዳነውን ዓይን መልሶ ያጠፋበትም ጊዜ ጥቂት አይደለም። ጉዳቱ እንዴት እንደሚመጣና እንዴት እንደሚገታ መረዳት ለሐኪም ብቻ የተተወ አይመስለኝም፤ ምክንያቱም ነገሩ ከሥር መሠረቱ የእፍግታ፣ የግፊት፣ የገጽ ውጥረትና የጊዜ ጉዳይ ነው።

ሲሊኮን የሚለው ስም በእንግሊዝ አገር በኖቲንግሃም ያስተምር ከነበረው የኬሚስትሪ ሊቅ ከፍሬደሪክ ኪፒንግ የመጣ ነው። ኪፒንግ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ አንሥቶ ለአርባ ዓመታት ያህል የሲሊከንን ውሑዶች ሲመረምር፣ በሙከራ ዕቃው ግርጌ እየቀረ ሥራውን የሚያበላሽበት አንድ የሚያጣብቅ ነገር ነበር። ሊቁ ለዚህ ዝቃጭ ብዙም ግምት አልሰጠውም፤ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በዕድሜው መገባደጃ የመስኩ የወደፊት ተስፋ እምብዛም እንደማይታየው ተናግሯል። ይሁን እንጂ ብዙ ሳይቆይ በአሜሪካ የኮርኒንግ መስታወት ፋብሪካ ባልደረባ ፍራንክሊን ሃይድ ያንኑ ዝቃጭ ለጥቅም ማዋል ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1940 የጄኔራል ኤሌክትሪክ ኬሚስት ዩጂን ሮቾ ውሑዱን በርካሽ የሚያመርትበትን ዘዴ አገኘ። ዶው ኮርኒንግ የተባለው ኩባንያ በ1943 ተቋቋመ፤ ከመጀመሪያ ምርቶቹም አንዱ በከፍታ የሚበሩ የጦር አውሮፕላኖች የሞተር ማቀጣጠያ በስስ አየር ውስጥ እንዳይከሽፍ የሚሸፍን ቅባት ነበር። አንባቢ ይህን የከፍታ ነገር በልቡ ይያዝልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

የሲሊኮን ሞለኪውል አከርካሪው እንደ አሸዋና እንደ መስታወት ሁሉ ሲሊከንና ኦክስጅን ነው። ስለዚህ ሙቀት አይበግረውም፣ ከውሃ ጋር አይዋሐድም፣ ብርሃን ያሳልፋል፣ የሰውነት ሕዋሳትም ቶሎ አይቆጡበትም። እነዚህ ጠባዮች የሐኪሞችን ዓይን መሳባቸው አያስደንቅም። በ1950ዎቹ መጨረሻ በጥንቸሎች ዓይን ላይ ተሞከረ።

ሐኪሞቹ የፈለጉት ምን እንደነበር ለመረዳት ስለ ሬቲና ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ሬቲና በዓይን የኋላ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን ነው። በእርጅና፣ በጉዳት ወይም በከባድ የቅርብ እይታ ችግር ምክንያት ቀዳዳ ሲፈጠርበት፣ ከፊቱ ያለው ፈሳሽ በቀዳዳው ሾልኮ ከሥሩ ይገባና እንደ ረጠበ የግድግዳ ወረቀት ይልጠዋል። የተላጠው ክፍል ምግብና ኦክስጅን ስለሚቀርበት በጊዜ ካልተመለሰ ማየቱን ያቆማል። ዋናው ነገር ቀዳዳውን መድፈን መሆኑን ያስረዳው በስዊዘርላንድ የሎዛን ከተማ ሐኪም የነበረው ዡል ጎኒን ነው። ከእርሱ በፊት ሬቲናው የተላቀቀ ሰው ዓይኑ እንደ ጠፋ ይቆጠር ነበር። ከጎኒን በኋላም ቢሆን፣ ሬቲናው ላይ ጠባሳ በቅሎ እንደ ደረቀ ቆዳ ሲያኮማትረው ቀዳዳ መድፈን ብቻውን አይበቃም ነበር።

በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ከተማ ይሠራ የነበረው ፖል ሲቢስ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1962 ያሳተመው ጽሑፍ ለእነዚህ ተስፋ ለተቆረጠባቸው ዓይኖች ነበር። ሲቢስ የሲሊኮኑን ፈሳሽ በመርፌ እያስገባ በኃይሉ ጠባሳውን ከሬቲናው ይለይና የተጨማተረውን ሽፋን ይዘረጋ ነበር። በዚያን ጊዜ ቪትሪየስ የተባለውን፣ የዓይንን ጉድጓድ የሚሞላውን ዝልግልግ አካል ቆርጦ የሚያወጣ መሣሪያ ገና ስላልነበረ ዘይቱ በእጅ ፋንታ የሚሠራ መሣሪያ ነበር ማለት ይቻላል። ሲገባም ለዘለቄታው እንዲቀመጥ እንጂ እንዲወጣ ታስቦ አልነበረም። ሲቢስ በ1965 ሞተ። በ1967ና በ1968 የወጡት የረዥም ጊዜ ክትትል ጽሑፎች ያሳዩት ነገር ደስ የሚያሰኝ አልነበረም፤ በመጀመሪያው ወራት ያየ ዓይን ከዓመታት በኋላ ሞራ ይለብሳል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ኮርኒያው ይደበዝዛል። አብዛኞቹ አሜሪካውያን ሐኪሞች ዘይቱን ተዉት።

እኔ እንደሚመስለኝ የዘይቱ ታሪክ እዚያው ሊያበቃ ይችል ነበር። ያላበቃው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው በእንግሊዝ የካምብሪጁ ጆን ስኮት ሌሎች ሲሸሹት እርሱ ሳይተወው መቀጠሉ ነው። ሁለተኛው የመሣሪያ ጉዳይ ነው፤ በማያሚ ሮበርት ማኸመር እ.ኤ.አ. በ1970 ቪትሪየስን በዓይን ነጭ በኩል በገባ ቀጭን መሣሪያ እየቆረጠና እየመጠጠ ማውጣት ጀመረ። መሣሪያውን አብሮት የሠራው ዣን ማሪ ፓሬል መሐንዲስ መሆኑን ለማኅበራችን አባላት ሳላስታውስ ማለፍ አልወድም። ጉድጓዱ ከጸዳና ጠባሳው ከተላጠ በኋላ ለዘይቱ የቀረለት ሥራ ሬቲናውን እስኪጣበቅ ድረስ ደግፎ መያዝ ብቻ ሆነ። በፓሪስ ዣን ኦ፣ በሮተርዳም ሬልያ ዚቮይኖቪች ሁለቱን ዘዴዎች አጣመሩ። በ1982 ደግሞ የሎዛኑ ጎንቬር ዘይቱ በጊዜያዊነት እንዲገባና ሥራውን ሲጨርስ እንዲወጣ የሚያሳይ ጽሑፍ አወጣ። በኔ ግምት ከዚህ ሁሉ ታሪክ ትልቁ እርምጃ ይህ ነው፤ ዘይቱ ከዚያ ወዲህ ስጦታ መሆኑ ቀርቶ የመመለሻ ቀን ያለው ብድር ሆነ።

አሁን ወደ ቁሱ ጠባይ እንግባ። ምዕራብ ሸዋና ወለጋ የኑግ አገር ነውና፣ በብርጭቆ ውሃ ላይ የኑግ ዘይት ጠብ አድርጎ ያየ ሰው ነገሩን ግማሽ ያውቀዋል። የሲሊኮን ዘይት እፍግታ 0.97 ስለሆነ በዓይን ውስጥ ካለው ውሃማ ፈሳሽ በላይ ይንሳፈፋል። ነገር ግን ልዩነቱ ትንሽ ነው። የዓይን ጉድጓድ 4 ሚሊ ሊትር ያህል ቢይዝ፣ ዘይቱ ሬቲናውን ሽቅብ የሚገፋበት ኃይል ከ0.12 ግራም ክብደት ጋር የሚመጣጠን ነው፤ በዚያው ጉድጓድ የገባ ጋዝ ግን 4 ግራም ያህል ይገፋል። እንግዲህ ዘይቱ ቀዳዳውን የሚዘጋው በግፊቱ ብርታት ሳይሆን ከውሃው ጋር በሚዋሰንበት ድንበር ላይ ባለው የገጽ ውጥረት አማካይነት ነው። ከዚህም ሁለት ነገር ይከተላል። በላይኛው የሬቲና ክፍል ያለ ቀዳዳ በደንብ ይደገፋል፤ በታችኛው ክፍል ያለው ግን ዘይቱ ስለማይደርስበት ውሃ ይጠራቀምበትና እንደገና ሊላቀቅ ይችላል። የገጽ ውጥረቱ የቀነሰ ዕለትም ድጋፉ ራሱ ይላላል።

ተፈጥሯዊ ሌንሱ በወጣለት ዓይን ላይ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። በዓይን ውስጥ ያለማቋረጥ የሚመነጨው ውሃማ ፈሳሽ ምንጩ ከአይሪስ በስተኋላ ሲሆን መፍሰሻው በስተፊት ነው፤ መተላለፊያውም ፑፒል የሚባለው የመካከሉ ቀዳዳ ነው። ሌንሱ ከሌለ ዘይቱ ወደ ፊት ይመጣና ይህን ቀዳዳ እንደ ቡሽ ይደፍነዋል። ከኋላ የተጠራቀመው ፈሳሽ ዘይቱን ወደ ፊት ይገፋዋል፤ ግፊቱ በሰዓታት ውስጥ ይጨምራል፤ ዘይቱም ከኮርኒያ ጋር ይነካካል። ለዚህ መፍትሔ ያገኘው ጃፓናዊው ሐኪም አንዶ ነው። ሐኪሞች ለሌላ የግፊት ሕመም በአይሪስ ላይ ትንሽ መተንፈሻ ሲቀዱ በላይኛው ጠርዝ ማድረግ የቆየ ልማዳቸው ነበር። አንዶ በ1985 በጻፈው ጽሑፍ መተንፈሻውን ወደ ታች፣ በሰዓት አቆጣጠር ስድስት ቁጥር በሚቀመጥበት ቦታ አደረገው፤ ዘይቱ ከላይ ስለሚንሳፈፍ ውሃው የሚገኘው ከታች ነውና። እንዲህ ያለውን ቀላል ሐሳብ ሳነብ የመስኖ ቦይ ዘግቶ የከፈተ ገበሬም ሊያስበው ይችል ነበር እላለሁ፤ ግን ያሰበው አንዶ ነው። በኋላ ዘመን ከውሃ የሚከብዱ ዘይቶች ሲመጡ ደግሞ መተንፈሻው ተመልሶ ወደ ላይ ወጣ።

ከሁሉ የከፋው መዘዝ ቀስ ብሎ የሚመጣው ነው። ሁለት የማይዋሐዱ ፈሳሾች ለረዥም ጊዜ ሲመቱ አንዱ በሌላው ውስጥ ደቃቅ እንክብል ሆኖ ይበተናል። ዓይናችን ቀኑን ሙሉ ሳያርፍ ይንቀሳቀሳል፤ በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ዘይቱና ውሃው በድንበራቸው ላይ ይፋተጋሉ። በደም ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖች እንደ ሳሙና ሆነው የገጽ ውጥረቱን ይቀንሱታል። ዘይቱ በደንብ ያልተጣራ ከሆነና አጫጭር ሞለኪውሎች ከቀሩበት መበተኑ ይፈጥናል፤ በ1960ዎቹ ከነበረው ውድቀት ከፊሉ በዘይቱ ጥራት ማነስ የመጣ ነው የሚባለውም ለዚህ ነው። የተበተኑት እንክብሎች የፈሳሹን ማስወገጃ ወንፊት ይደፍናሉ፤ ግፊቱ ይጨምራል፤ የዓይን ነርቭ ያለ ድምፅ ይሞታል። ነጭ ብርማ መስመር ሆነው በአይሪስ ላይኛ ጠርዝ ሲታዩ ችግሩ ከጀመረ ቆይቷል ማለት ነው።

ወፍራም ዘይት ከቀጭኑ ይልቅ መበተንን ይቋቋማል። በሥራ ላይ ያሉት በብዛት 1000ና 5000 ሴንቲስቶክስ የሆኑት ናቸው። ነገር ግን ወፍራሙን በዛሬው ቀጭን ቱቦ ማስገባትና ማውጣት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ዝልግልግነቱ አምስት እጥፍ ሲሆን ጊዜውም አምስት እጥፍ ይሆናል፤ የቱቦው ውስጣዊ ስፋት በግማሽ ሲቀንስ ደግሞ ፍሰቱ 16 ጊዜ ያንሳል። ሐኪሙ ከሁለት ክፉ አንዱን ይመርጣል።

ሕክምናውን በአጭሩ ላስቀምጥ። ግፊቱ ሲጨምር መጀመሪያ ጠብታ ይሰጣል፤ ሬቲናው ተጣብቆ ከሆነ ዘይቱ ይወጣል፤ ይህም ካልበቃ በሌዘር የፈሳሹ ምንጭ ይቀነሳል ወይም ማስወገጃ ቱቦ ይተከላል፤ ቱቦው ዘይቱን ይዞ እንዳይወጣ በታች በኩል ማድረጉ ይመረጣል። ኮርኒያው ላይ የካልሲየም ቅርፊት ከተጋገረ በኬሚካል ሟሙቶ ይፋቃል። ሞራውን በተመለከተ ዘይት ለረዥም ጊዜ የቆየበት የተፈጥሮ ሌንስ ከሞራ ማምለጡ ብርቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ ዘይቱ በሚወጣበት ዕለት አብሮ ይወጣል። እዚህ ላይ የሕክምና መሣሪያ መሐንዲሶች ሊጠነቀቁበት የሚገባ ነገር አለ። የሚተካውን ሌንስ ለመምረጥ የዓይን ርዝመት በድምፅ ሞገድ ሲለካ፣ ድምፅ በቪትሪየስ ውስጥ በሴኮንድ 1532 ሜትር ሲጓዝ በ1000 ሴንቲስቶክሱ ዘይት ውስጥ የሚጓዘው 980 ሜትር ያህል ብቻ ነው። መሣሪያው ይህ ካልተነገረው የ16 ሚሊ ሜትሩን ጉድጓድ 25 ሚሊ ሜትር ብሎ ያነበዋል፤ በዚህ ልክ የተመረጠ ሌንስም ለበሽተኛው አይሆነውም። ብርሃንም እንዲሁ ነው። የዘይቱ የስብረት መጠን 1.40 ሲሆን የቪትሪየሱ 1.336 ነው፤ ስለዚህ የራሱ ሌንስ ያለው ሰው ዘይቱ ሲገባለት ከአምስት እስከ ስድስት ዳዮፕተር የሚሆን የማጉያ መነጽር ያስፈልገዋል። ዘይቱ ሲወጣ መነጽሩ ይቀየራል።

ይህ ሁሉ መዘዝ ካለው ለምን ጋዝ ብቻ አይጠቀሙም? የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ጥያቄው በአሜሪካ በሚገባ ተመርምሯል። በ1985 የተጀመረው የሲሊኮን ጥናት በ1992 ውጤቱን ሲያወጣ፣ ዘይቱ ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ ከተባለው ጋዝ የተሻለ፣ ፐርፍሎሮፕሮፔን ከተባለው ደግሞ የሚተካከል ሆኖ ተገኘ። በ1994 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ዘይቱን ለዓይን ፈቀደ። ጋዙ በራሱ ጊዜ ስለሚጠፋ ለማውጣት ሁለተኛ ቀዶ ጥገና አያሻም፤ ይህ ትልቅ ብልጫ ነው። ሆኖም ጋዝ ከፍታ አይወድም፤ አስታውሱልኝ ያልሁት ነገርም እዚህ ላይ ይመጣል። ባኮ ከአዲስ አበባ በነቀምቴ መንገድ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1650 ሜትር ግድም ላይ ትገኛለች። መንገዱ በሆለታ፣ በግንጪ፣ በአምቦና በጉደር አልፎ ወደ ጌዶ ደጋ ይወጣና ወደ ጊቤ ሸለቆ ይወርዳል። የአየር ግፊት በባኮ 83 ኪሎ ፓስካል ያህል ሲሆን በአዲስ አበባ 2400 ሜትር ላይ 76 ገደማ ነው። ጋዝ በዓይኑ የያዘ ሰው ከባኮ ወደ አዲስ አበባ ለምርመራ ሲመጣ ጋዙ 10 በመቶ ያህል ሊሰፋ ይሞክራል፤ ዓይን ግን ግድግዳው ጠንካራ የተዘጋ ዕቃ ስለሆነ ግፊቱ ይጨምራል። የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ሲከፈት አረፋው እንዴት እንደሚገነፍል የማያውቅ የለም። ዘይት ግን አይጨመቅም፣ አይሰፋም። እንዲሁም ጋዝ የገባለት ሰው ለቀናት አንገቱን ደፍቶ መቆየት አለበት፤ በአውቶቡስ ለሚሄድ ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ከሩቅ ለመጣ በሽተኛ ሐኪሙ ዘይቱን ቢመርጥ አይፈረድበትም። ነገሩን የሚያከብደው ዘይቱን የሚያስመርጠው ርቀት ራሱ ዘይቱን ለማውጣት መመለስን አስቸጋሪ ማድረጉ ነው።

በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኝቶ ነበር፤ ከዚህም 49.9 በመቶ በሞራ፣ 11.5 በመቶ በትራኮማ ጠባሳ ምክንያት ነበር። ሬቲና በዝርዝሩ ውስጥ ጎልቶ አልታየም፤ የዓይን ሕክምናችን ጥረትም በሞራና በትራኮማ ላይ ማተኮሩ ተገቢ ነበር። ዛሬ ግን በአዲስ አበባ እንደ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ባሉ ቦታዎች የሬቲና ቀዶ ጥገና ይደረጋል፤ ከዘይት ጋር ወደየአገሩ የሚመለስ ሰው አለ ማለት ነው።

አንዱ የባኮ ገበሬ የሆኑት አጎቴ ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በታኅሣሥ ወር በአንድ የሕክምና ተቋም ሬቲናቸው ተሠርቶ ዘይት ገባላቸው፤ የተሰጣቸው ካርድም ቀጠሮውን 10/3 ይላል። ጽሑፉ እንግሊዝኛ፣ አቆጣጠሩ የአውሮጳውያን ነው፤ ማርች 10፣ መጋቢት 1 ማለት ነበር። በቤት ያለው ተማሪ ግን ሦስተኛ ወራችን ኅዳር ነውና «ኅዳር 10» ብሎ አነበበላቸው። ስለዚህ በሦስት ወር መመለስ የነበረባቸው ሰው አሥራ አንድ ወር በሰላም ጠበቁ። ኅዳር ሲደርስ ደግሞ የበቆሎ መሰብሰቢያ ነው፤ ዓይናቸውም ያያል፤ ለምን ይቸኩላሉ? ራሳቸውን እየፈለጣቸው፣ ሌሊት እንቅልፍ እየነሣቸው በጥር ወር አዲስ አበባ ሲገቡ ግፊታቸው 38 ነበር፤ ከ21 ማለፍ አልነበረበትም። ዘይቱ ወጣ፣ ሞራውም ወጣ። ሬቲናው እንደተጣበቀ ነው። ነርቩ ግን በመጎዳቱ ዛሬ በዚያ ዓይናቸው ፊት ለፊት እንጂ ወደ ጎን አያዩም፤ በሬ ጠምደው ሲያርሱ የግራውን በሬ ለማየት አንገታቸውን ያዞራሉ። «ምን ሆነው ቆዩ?» ብላቸው፣ «አንተ ልጅ፣ ዓይኔን ጠግነው የለቀቁኝ መስሎኝ እንጂ፣ ዘይት አስቀምጠውብኝ መሄዴን ማን ነገረኝ?» አሉኝ። በኦሮምኛ ያሉኝን ነው ወደ አማርኛ የመለስሁት።

የቀዶ ጥገናው ሥራ እንከን አልነበረበትም። ዘይቱም የተጣራ ነበር። በአንዶ መተንፈሻ፣ በጎንቬር ብድር፣ በስድሳ ዓመት የተጠራቀመው ዕውቀት ሁሉ የተበላሸው በአንዲት የቀን አጻጻፍ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ካርድ በኦሮምኛና በአማርኛ፣ በኛው አቆጣጠር፣ የወሩ ስም በፊደል ተጽፎ፣ «በዓይንዎ ውስጥ የሚወጣ ዘይት አለ» ከሚል ዓረፍተ ነገር ጋር ቢሰጥ ወጪው የአንድ ወረቀት ነው። ስልክ ላለው ደግሞ ከቀኑ አንድ ሳምንት አስቀድሞ መደወል ይቻላል።

ሌላው ግፊትን በቅርብ መለካት ነው። ዘይት የያዘ ሰው በየወሩ አዲስ አበባ ድረስ መምጣት የለበትም፤ በሚቀርበው ከተማ ያለ የጤና ባለሙያ ለክቶ ከበዛ ብቻ ቢልከው ይበቃል። በባትሪ የሚሠሩ፣ ማደንዘዣ ጠብታ የማይፈልጉ ትንንሽ መለኪያዎች ዛሬ አሉ። እነርሱ ከሌሉም ኖርዌጂያዊው ሽዮትስ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሠራው፣ መብራት የማይሻና ተራ ክብደት በሚገፋው ዘንግ የሚሠራ መሣሪያ አለ፤ እንደ ዘመናዊው ትክክለኛ ባይሆንም 38ን ከ18 ለመለየት አያንስም። ይህን መሣሪያ በየመሥሪያ ቤታችሁ መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ የምታገኙት ባልደረቦች ዘንጉን በአልኮል ጠርጋችሁ፣ በሣጥኑ ውስጥ ባለው የመሞከሪያ ብረት ላይ ስታቆሙት መርፌው ዜሮ ላይ መቆሙን አረጋግጡ። ከዜሮ ከራቀ ዘንጉ ቆሽሿል ወይም ታጥፏል ማለት ነው፤ የቆሸሸውን ፈትቶ ማጽዳት ሩብ ሰዓት አይፈጅም።